ካያክ በክለብ፦ የቀዘፋ ዓይነቶች አጠቃላይ ዳሰሳ

ካያክ ጠባብና ቀላል ጀልባ ነው። ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አድርጎ፣ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ይቀመጣል። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ነው፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ውሃውን ይስባል። ከካኑ የሚለየውም በዚህ ነው። ካኑ የሚቀዝፍ ሰው ባለ አንድ ጫፍ መቅዘፊያ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም ተንበርክኮ ነው የሚቀዝፈው። በንግግር ሁለቱ ስሞች ይደባለቃሉ። አብዛኞቹ ክለቦችም ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተናግዳሉ።

“ካያክ ልጀምር ነው” የሚል ሰው “የትኛውን?” ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። የባሕር ጉዞም፣ የወንዝ ፏፏቴ መውረድም፣ የረጋ ውሃ ሩጫም፣ የኳስ ጨዋታም ካያክ ይባላል። ጀልባዎቹ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። አንዱ ከአምስት ሜትር ይበልጣል፣ ሌላው ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁሉንም ገዝቶ የሚሞክር ሰው የለም። ክለብ የሚጠቅመው ከዚህ ጀምሮ ነው፤ ጀልባው እዚያ አለ፣ የሚያሳይ ሰውም አለ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዳኞቹ የመጣው

ካያክን የሠሩት በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖሩት የአርክቲክ ሕዝቦች ናቸው፦ ኢኑይት፣ ዩፒክ እና ኡናንጋን። ስሙም ከኢኑይት ቋንቋ የመጣ ነው፤ ግሪንላንድ ውስጥ “ቃያቅ” ይሉታል። ዕድሜው ቢያንስ 4,000 ዓመት እንደሚሆን ይነገራል። ቆዳና እንጨት ስለሚበሰብስ ከጥንቶቹ ጀልባዎች የተረፈው ጥቂት ስብርባሪ ነው። ስለዚህ ከዚያም በፊት ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ዛፍ በማይበቅልበት አገር አጽሙ የሚሠራው ባሕር ገፍቶ ካመጣው እንጨት ወይም ከአጥንት ነበር። በላዩ የባሕር ውሻ ቆዳ ይወጠራል። ቆዳውን የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። ስፌቱ ውሃ ካስገባ አዳኙ አይመለስምና፣ የእነሱ ሙያ ከአናጺው አያንስም ነበር። ጀልባው የሚለካው በባለቤቱ ሰውነት ነው። ርዝመቱ በክንዱ፣ ስፋቱ በወገቡ ይወሰናል። አዳኙ “ቱይሊክ” የተባለውን የቆዳ ልብስ ይለብስና ጠርዙን ከመቀመጫው ቀዳዳ ዙሪያ ያስራል። ያኔ ጀልባውና ሰውየው አንድ አካል ይሆናሉ። ካያክን ይለብሱታል እንጂ አይቀመጡበትም ቢባል ማጋነን አይደለም።

የዚህ ስፖርት ትልቁ ጥበብ የተወለደው ከዚህ ልብስ ነው። እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ የተገለበጠ ሰው ከጀልባው ቢወጣ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሳይወጣ፣ ከውሃው በታች ሆኖ፣ በመቅዘፊያው ውሃውን ተደግፎ ራሱን ማቃናት ነበረበት። ዛሬ ይህን ዘዴ “ሮል” እንለዋለን። ቀድሞ “የእስኪሞ ሮል” ይባል ነበር፤ “እስኪሞ” የሚለውን ስም ብዙ ኢኑይት ስለማይወዱት አሁን እየቀረ ነው። የግሪንላንድ አዳኞች አንድ ሮል ብቻ አልነበራቸውም። መቅዘፊያው ከእጅ ቢያመልጥ፣ አንድ ክንድ በሐርፑን፣ ማለትም በማደኛው ጦር፣ ገመድ ቢያዝ፣ እያንዳንዱ አደጋ የራሱ ማቃኛ ነበረው። በ1985 የተቋቋመው የግሪንላንድ የካያክ ማኅበር እነዚህን በየዓመቱ በሚያካሂደው ውድድር ሕያው አድርጎ ይዟቸዋል። ተወዳዳሪዎች በደርዘን የሚቆጠሩ ሮሎችን በተራ ያሳያሉ። በባዶ እጅ የሚሠራ አለ። ድንጋይ ይዞ የሚሠራም አለ።

አንድ አከራካሪ ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። በ1700 አካባቢ በስኮትላንድ አበርዲን አጠገብ አንድ ኢኑይት በካያኩ ላይ ሳለ ተገኝቶ ነበር፤ ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ጀልባው ዛሬም በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ከግሪንላንድ ቀዝፎ መጣ የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች አፍነው ወስደውት፣ አምልጦ ወይም ተለቆ ነው ይላሉ። ቆዳ የለበሰ ጀልባ ለቀናት በውሃ ላይ ሲቆይ እየራሰ ስለሚከብድ፣ ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

ክለቦች እንዴት ተጀመሩ

በ1865 ጆን ማክግሪገር የተባለ ስኮትላንዳዊ የሕግ ባለሙያ ከኦክ እንጨት ትንሽ ጀልባ አሠራ። ሐሳቡን የወሰደው ከሰሜኑ ሕዝቦች ጀልባዎች ነው። “ሮብ ሮይ” ብሎ ሰየማትና በአውሮፓ ወንዞችና ሐይቆች ተጓዘባት። በማግስቱ ዓመት፣ በ1866፣ እሱና ጓደኞቹ እንግሊዝ ውስጥ ሮያል ካኑ ክለብን መሠረቱ። በዓለም የመጀመሪያው የካኑ ክለብ ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ነው። ዛሬ በየወንዙ ዳር ያለ የጀልባ መጋዘን፣ ቁልፍ የያዘ ፈቃደኛ አባልና የቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ሁሉ የእሱ ዘር ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ከጀርመን መጣ። በ1905 አልፍሬድ ሆይሪች የተባለ የሥነ ሕንፃ ተማሪ የሚታጠፍ ካያክ ሠራ፤ የእንጨት አጽም አለው፣ በላዩ ሸራ ይለብሳል። ዮሐን ክሌፐር የተባለ የሮዘንሃይም ልብስ ሰፊ መብቱን በ1907 ገዝቶ ማምረት ጀመረ። ይህ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። በከተማ ፎቅ ላይ የሚኖር ሠራተኛ ጀልባውን በቦርሳ ይዞ ባቡር ይሳፈራል፣ ወንዙ ጋ ሲደርስ ይገጣጥማል፣ ማታ አጣጥፎ ይመለሳል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ክለቦች የተበራከቱት በዚህች ጀልባ ነው። ኦስካር ስፔክ የተባለ ጀርመናዊ በ1932 በታጣፊ ካያክ ከኡልም ከተማ ተነሳ። በ1939 አውስትራሊያ ታስተዳድረው የነበረውን ግዛት ሲረግጥ ጦርነቱ ፈንድቶ ነበርና ታስሮ ቆየ። ሐኪሙ ሐነስ ሊንደማን በበኩሉ በ1956 በታጣፊ ካያክ አትላንቲክን በ72 ቀናት ተሻገረ።

ሮልን ወደ አውሮፓ ያመጣው ኤዲ ሐንስ ፓውላታ ነው። ይህ ኦስትሪያዊ ስለ አርክቲክ የተጻፈውን እያነበበ፣ ብቻውን እየተለማመደ በ1927 ተሳካለት። ከእሱ በፊት ሰሜን ሄደው ከአዳኞቹ የተማሩ አውሮፓውያን ሊኖሩ ይችላሉ፤ በስሙ የሚጠራው “ፓውላታ ሮል” ግን በክለቦች እስከ ዛሬ ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ፋይበርግላስ መጣ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ድንጋይ ቢመታው የማይሰበር ፕላስቲክ።

ባሕር

የባሕር ካያክ ረጅምና ቀጭን ነው፤ አምስት ሜትር ገደማ ይሆናል። ውስጡ ውሃ በማያስገባ ግድግዳ ተከፋፍሏል። ከፊትና ከኋላ ክዳን ያላቸው ዕቃ መያዣዎች አሉት፤ ድንኳንና የቀናት ስንቅ ይገባል። ነፋስ ከጎን ሲመታ ጀልባው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞር ይወዳል። ይህን ለመግታት አንዳንዱ ከኋላ ከሥሩ የሚወርድ ምላስ፣ ማለትም ስኬግ፣ አለው፤ ሌላው በእግር የሚዘወር መሪ አለው። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ክለብ ቤት ውስጥ አያልቅም። ስኬግ ቀዛፊውን ጀልባውን በሰውነቱ ማጋደል እንዲማር ያስገድደዋል፤ ለጀማሪ የሚበጀውም እሱ ነው።

እዚህ ከጉልበት በላይ ዕውቀት ይፈለጋል። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የውሃው ቅዝቃዜ አስቀድሞ ይጠናል። ልብስ የሚመረጠው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው። ፀሐይ እያቃጠለ ውሃው ሊገድል ይችላል። ማንም ብቻውን አይወጣም። አንዱ ተገልብጦ ከጀልባው ከወጣ፣ ጓደኛው የባዶውን ጀልባ አፍንጫ በራሱ ጀልባ ላይ አጋድሞ ውሃውን ያፈስሳል። ሁለቱ ጀልባዎች የ“ቲ” ፊደል ቅርጽ ስለሚሠሩ የቲ ማዳን ይባላል። ከዚያ ጀልባውን ያቃናል፣ አጥብቆ ይይዝለታል፣ የወደቀው ይወጣል። የለመዱ ሰዎች በሁለት ደቂቃ ይጨርሱታል። አንድ ክለብ ጥሩ መሆኑን ማወቅ የፈለገ ይህን ስንት ጊዜ እንደሚለማመዱ ይጠይቅ።

ፈጣን ወንዝ

የወንዝ ካያክ አጭርና ጠንካራ ነው፤ ቶሎ ይዞራል። ሄልሜት ግዴታ ነው። ወንዞች ከ1 እስከ 6 ደረጃ ተሰጥቷቸዋል። 1 ቀስ ብሎ የሚፈስ ነው፤ 6 ለሕይወት አደገኛ ነው፣ ባለሙያዎችም ብዙ ጊዜ ይተዉታል። ያው ወንዝ ዝናብ ሲዘንብ ደረጃው ይለወጣል።

ጀማሪው በመጀመሪያ የሚማረው ማቆሚያን ነው። ከድንጋይ ጀርባ ውሃው ወደ ላይ ተመልሶ የሚዞርበት ቦታ አለ፤ ኤዲ ይባላል። እዚያ ገብቶ ማረፍ፣ የሚቀጥለውን ማየት ይቻላል። ወንዝ የሚወረደው ከኤዲ ወደ ኤዲ ነው። ትልቁን አደጋ የሚያመጣው ሁልጊዜ ትልቁ ማዕበል አይደለም። የወደቀ ዛፍ ውሃውን አሳልፎ ሰውን ያስቀራል። ዝቅተኛ ግድብ ሥር ያለው ውሃ ደግሞ እየተመለሰ ሰውን ደጋግሞ ያሰምጣል፤ ሲያዩት ግን ለስላሳ ነው። ስለዚህ መሪው ቀድሞ ወርዶ ያያል፣ ከታች ለወደቀ ሰው የሚወረወር የገመድ ቦርሳ የያዘ ሰው ይቆማል።

የስላሎም ቀዛፊዎች ከላይ ከተንጠለጠሉ በትሮች በተሠሩ በሮች መካከል በፈጣን ውሃ ይሮጣሉ፤ በር መንካት 2 ሰከንድ፣ መሳት 50 ሰከንድ ያስቀጣል። ፍሪስታይል ደግሞ በአንድ ማዕበል ላይ ቆይቶ በ45 ሰከንድ ውስጥ የአየር ላይ ግልበጣ ማሳየት ነው።

የረጋ ውሃ፣ ሩጫና ኳስ

ስፕሪንት፣ ማለትም በረጋ ውሃ ላይ የሚደረገው የአጭር ርቀት ሩጫ፣ በ1936 በበርሊን የኦሎምፒክ ስፖርት ሆነ፤ ሴቶች ከ1948 ጀምሮ ይወዳደራሉ። የአንድ ሰው ጀልባ ርዝመቱ ከ5.20 ሜትር አይበልጥም፣ ክብደቱም ከ12 ኪሎ አያንስም። በጣም ከመጥበቡ የተነሳ ጀማሪ ሲቀመጥበት ወዲያው ይወድቃል። ጀርመናዊቷ ቢርጊት ፊሸር ከ1980 እስከ 2004 ስምንት የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ የኒውዚላንዷ ሊሳ ካሪንግተን ከ2024 የፓሪስ ውድድር በኋላ ቁጥሯን ደርሳበታለች። አካል ጉዳተኞች በፓራሊምፒክ መወዳደር የጀመሩት በ2016 ሪዮ ላይ ነው።

ማራቶን ለክለብ ሰው ይበልጥ ቅርብ ነው። ረጅም ርቀት ይቀዘፋል፣ በመሃል ጀልባውን ተሸክሞ መሮጥም አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከዴቫይዝስ እስከ ዌስትሚኒስተር የሚካሄደው ውድድር 125 ማይል ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ1951 ጀምሮ የሚካሄደው ዱሲ ከፒተርማሪትዝበርግ ደርባን ይደርሳል።

የኳስ ጨዋታው፣ ማለትም የካኑ ፖሎ፣ ሊናቅ አይገባም። ከየቡድኑ አምስት ሰዎች ውሃ ላይ ናቸው፣ ጎሉ ከውሃው ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ኳስ የያዘን ተጫዋች በእጅ ገፍቶ መገልበጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ የፖሎ ልጆች ሮልን ሳያስቡት ይሠሩታል።

በላዩ የሚቀመጡበት ክፍት ካያክም አለ። መዝናኛ እንጂ ካያክ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ብዙ ሰው ግን ውሃን የወደደው በእሱ ነው።

ሮልን መማር

በብርድ ወራት ብዙ ክለቦች የመዋኛ ገንዳ ይከራያሉ። አስተማሪው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከጀልባው ጎን ይቆማል። ተማሪው መጀመሪያ ተገልብጦ፣ ውሃ እንዳይገባ የመቀመጫውን ቀዳዳ የሚዘጋውን የወገብ ሽፋን ስቦ መውጣት ይማራል። ከዚያ የአስተማሪውን እጅ ይዞ በዳሌው ብቻ ጀልባውን ማቃናት ይለማመዳል። መቅዘፊያ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉም ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፦ አየር ፍለጋ ጭንቅላቱን ያስቀድማል፣ ክብደቱም መልሶ ያሰምጠዋል። አስተማሪው ደጋግሞ የሚለው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ዳሌ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ጭንቅላት በመጨረሻ።