የአርማታ መድረቅ፣ መሰንጠቅና ጥንካሬ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከመስቀል በኋላ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ሱሉልታ ብቅ ያለ ሰው በየቦታው የሶሌታ (የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ) ሙሌት ያያል። ዝናቡ ቆሟል፣ መንገዱም ለመኪና ይመቻል። ለአርማታው ግን ወቅቱ ከባድ ነው። ፀሐዩ ይበረታል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሜዳው ላይ ንፋሱን የሚከልል ነገር የለም።

አርማታ የሚጠነክረው ደርቆ አይደለም። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ነው። ውሃው ቀድሞ ከተነነ ውህደቱ ይቆማል፣ ጥንካሬውም ባለበት ይቀራል። ከተሞላ ጀምሮ ውሃ ያልጠጣ አርማታ፣ በእርጥበት ተጠብቆ የቆየው ከሚደርስበት ጥንካሬ ግማሹን ያህል ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው ስንጥቅ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል። ጠዋት የተሞላን ሶሌታ ከሰዓት ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክንድ የሚያህሉ፣ ጎን ለጎን የተሰመሩ፣ ብዙ ጊዜ ጠርዝ ሳይደርሱ የሚቆሙ ስንጥቆች ይታያሉ። ንፋሱ ውሃውን የወሰደው ከታች ወደ ላይ ከሚወጣው ፈጥኖ ነው። ትነቱ በአንድ ካሬ ሜትር በሰዓት ወደ 1 ኪሎ ውሃ ሲጠጋ ያሰጋል። «አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ችግር የለውም» የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም፤ ንፋስና የአየር ድርቀት ያለ ትልቅ ሙቀትም ይበቃሉ። ብዙ ጊዜ ስንጥቁ በቦያካ (በውሃ በቀጠነ ሲሚንቶ) ይለሰናል፤ ከሥር ግን እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ ወራት ይፈጃል። አርማታ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊያጥር ይችላል። ቢምና ኮለኑ (አግዳሚውና ቋሚው ምሰሶ) አላላውስ ሲሉት ይወጠራል። አርማታ መጨመቅን ይችላል፣ መወጠርን ግን የሚችለው የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነውና ይሰነጠቃል። ይህን የሚያባብሰው ሚክሰሩ ጋ «ትንሽ ውሃ ጨምርበት» የሚባለው ነገር ነው። ለማፍሰስ ይቀላል፣ እውነት ነው። ትርፉ ውሃ ግን ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ኩምትሩም ይጨምራል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጥንካሬው እንዲለካ ደርቆ የሚጨመቅ ኪዩብ ናሙና ርጥብ ሆኖ ከሚጨመቀው የበለጠ ቁጥር ያሳያል። ይህ ድርቀት ያጠነክራል ማለት አይደለም። ላቦራቶሪ ናሙናውን በ7 እና በ28 ቀኑ እስኪፈትሽ ድረስ ውሃ ውስጥ የሚያቆየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እየደረቀ ያለ አርማታ ደግሞ ላዩ ስለሚወጠር መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል።

መፍትሔው ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ማጠጣት ነው። በገበያው በብዛት ያለው ፖዞላና (እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ነገር) ያለበት ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ዳርቻው ላይ ግን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ከቦቴ መግዛትም ያስወጣል። ስለዚህ ወጪ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀረው ውሃ ማጠጣቱ ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በጥቂት ውሃ ብዙ መሥራት ይቻላል። ሶሌታውን ዙሪያውን በአሸዋ ገድቦ ውሃ ማቆር፣ ኮለኑን ጣውላው እንደተፈታ በርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በላዩ ላይ ላስቲክ ማሰር በቂ ነው።

ብሎኬት ላይም ያው ነው። በደንብ ሳይጠጣና ሳይበስል ግድግዳ ላይ የወጣ ብሎኬት እዚያው ሆኖ ይኮማተራል። ልስኑን ከወራት በኋላ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጥቀዋል።