በትንሽ ገንዘብ ጥሩ የኤርሶፍት ስናይፐር፦ የሚወራውና እውነታው

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ጌም የሚያዘወትሩ ወጣቶች መካከል የኤርሶፍት ወሬ አይጠፋም። ኤርሶፍት 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ጥይት በአየር ወይም በጋዝ ግፊት የሚተኩስ አምሳያ መሣሪያ ይዞ በቡድን የሚደረግ ጨዋታ ነው። ጃፓን ውስጥ ተጀምሮ ነው ዓለምን ያዳረሰው። ወሬው ወደኛ የሚመጣው ከቪዲዮ ነው፣ ካልሆነም ከዘመድ። ደንቨር ወይም ቨርጂኒያ ያለ የአጎት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታል። «ስናይፐር ልገዛ ነው፣ ገንዘቤ ግን ትንሽ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ያለው ደግሞ ቪዲዮ ላይ ያየውን ይመክረዋል። ምክሩ በአብዛኛው «ኃይለኛውን ግዛ» የሚል ነው። ገንዘብ የሚባክነውም በዚህ ምክር ነው።

የምለው ነገር አጭር ነው። በትንሽ በጀት ጥሩ የሚመታ ስናይፐር ይገኛል። የሚገኘው ግን ገንዘቡ ጉልበት ላይ ሳይሆን ጥይቱና አንዲት ትንሽ ጎማ ላይ ሲውል ነው። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ለእኛ ከተማ የሚቀድም አንድ ነገር አለ።

«አሻንጉሊት ስለሆነ ችግር የለውም»

ችግር አለው። የኤርሶፍት ስናይፐር ሰደፉም፣ መቀባበያውም፣ አፈሙዙም ከእውነተኛው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሃምሳ ሜትር ርቆ የቆመ ጥበቃ ፕላስቲክ መሆኑን የሚለይበት መንገድ የለውም። መሃል አዲስ አበባ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ፣ ፓርላማው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ተጠጋግተው ያሉበት ነው። «ለፎቶ ብቻ ነው» ብሎ ሰገነት ላይ ወጥቶ ማነጣጠር በሕይወት መጫወት ነው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የሚጠብቀው ሰው የሚወስነው በሚያየው ነው።

ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ማስመጣትም እንደዚያው ነው። አገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት። «ይሄማ መጫወቻ ነው» የሚለውን ቦሌ ላይ መከራከሪያ ማድረግ ዘመድን መከራ ውስጥ መክተት ነው። ማስገባት የሚፈልግ ሰው ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ጉምሩክንና ፌዴራል ፖሊስን ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። ካልተፈቀደ አይምጣ። ጨዋታው እዚያው በተፈቀደበት አገር፣ በታጠረ ሜዳ ላይ ይሁን።

ሌሎች አገሮችም ጉዳዩን በዋዛ አያዩትም። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ብርቱካንማ ቀለም እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። እንግሊዝ የ2017 ሕጓ አንድ በአንድ ለሚተኩሰው 2.5 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው)፣ እየደጋገመ ለሚተኩሰው 1.3 ጁል ጣሪያ አድርጋለች። ጃፓን ከ0.98 ጁል በላይ አትፈቅድም።

ዓይንም አለ። የፀሐይ መነጽር መከላከያ አይደለም። ጥይቷ ልትሰብረው ትችላለች፣ ስብርባሪው ራሱ ዓይን ውስጥ ይገባል። ለግጭት ተፈትኖ «ዜድ87+» (Z87+) የሚል ምልክት ያለበት፣ ዙሪያውን የሚገጥም መከላከያ ይገዛ። በጀቱ ሲሠራ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው ይሄ ነው። ለመከላከያ ካልበቃ ለመሣሪያውም አልበቃም።

«ፍጥነቱ የበለጠ እሱ ሩቅ ይመታል»

ሻጮች ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጽፉት ቁጥር ፍጥነቱን ነው። በሰከንድ 500 ጫማ ይላል። ገዢው ደግሞ 500 ከ400 ይበልጣል ብሎ ያነሳዋል። ቁጥሩ ግን የተለካው በ0.20 ግራም ጥይት ነው፣ ማለትም ስናይፐር ውስጥ መግባት በማይገባው ቀላል ጥይት።

ሒሳቡን እንየው። 0.20 ግራም ጥይት በሰከንድ 500 ጫማ ሲወጣ ጉልበቱ 2.3 ጁል ገደማ ነው። በዚያው ጉልበት 0.40 ግራም ብትተኩሱ ፍጥነቱ ወደ 350 ጫማ ይወርዳል። ወረቀት ላይ የተሸነፈ ይመስላል። ሜዳ ላይ ግን ቀላሉ ጥይት ከአፈሙዝ እንደወጣ አየሩ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱን ይቀማዋል፣ ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ወደ ጎን ይሄዳል። ከባዱ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ግን ያለውን ይዞ ይጓዛል። 60 ሜትር ላይ ያለ ሰው ደረት ላይ ደጋግሞ የሚያርፈው እሱ ነው።

የጃፓኑ ቶክዮ ማሩዪ የሚሠራው ቪኤስአር-10 የተባለው ስናይፐር ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከ0.98 ጁል በታች ነው። በቁጥር ካየነው ደካማ ነው። በትክክለኛነቱ ግን ስሙ ለዓመታት ሳይወርድ የቆየ ነው። ያ ስም የመጣው ከጉልበት አይደለም፤ እያንዳንዱን ጥይት እንደ ቀደመው አድርጎ ስለሚያወጣ ነው።

ጉልበት ለመጨመር ጠንካራ ሞላ የሚገዙም አሉ። ርካሽ መሣሪያ ላይ ይሄ ጣጣ ያመጣል። ቪኤስአርን አስመስለው የተሠሩት ርካሾች የቃታው ውስጥ መያዣ 45 ዲግሪ የተቆረጠ ነው። ሞላው ሲከብድ ያ ጠርዝ እየተበላ ይሄዳል፣ ውሎ አድሮ ፒስተኑን (አየሩን የሚገፋውን ክፍል) መያዝ ያቅተዋል። ከዚያ ቃታውም፣ ፒስተኑም ይቀየራል። በርካሽ የተገዛው መሣሪያ ሁለት እጥፍ ያስወጣል። ደግሞም ብዙ ሜዳዎች መግቢያ ላይ ፍጥነት ለክተው ከወሰናቸው በላይ ከሆነ አያስገቡም።

«ትክክለኛነት የሚመጣው ከረጅም በርሜል ነው»

እውነተኛ ጠመንጃ ላይ ከሚወራው የተቀዳ ሐሳብ ነው። ኤርሶፍት ውስጥ በርሜሉ ውስጡ ልሙጥ ነው፣ ጥይቷን የሚያሽከረክር ጥርስ የለውም። ርዝመቱ የሚወሰነው ሲሊንደሩ በሚገፋው አየር መጠን ነው። አየሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው በርሜል ጥይቷን ከማዘግየት ሌላ ሥራ የለውም። እዚያው ቪኤስአር-10 ውስጥ አንዱ ዓይነት 430፣ ሌላው 303 ሚሊሜትር የውስጥ በርሜል አለው። አጭሩም ጥሩ አድርጎ ይመታል።

«ጠባብ በርሜል ይሻላል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ጥይቷ 5.95 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ውስጡ 6.03 ሚሊሜትር የሆነ ንጹሕ በርሜል ከ6.01 ቆሻሻ በርሜል ይበልጣል። በጣም ጠባቡ ትንሽ አቧራ ይበቃዋል።

«ሆፕ አፕ አንዴ ከተስተካከለ አለቀ»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የስናይፐሩ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው።

ሆፕ አፕ የሚባለው በርሜሉ መጀመሪያ ላይ ያለች ጎማ ናት። ከላይ በኩል ጥይቷን በትንሹ ትጫናለች። ጥይቷ ስታልፍ ላይዋ ይያዛል፣ ታችዋ ይገፋል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትወጣለች። ያ መሽከርከር አየሩ ላይ ወደ ላይ የሚያነሳ ኃይል ይፈጥራል። ቅጣት ምት ላይ ተጠማዛ ግብ የምትገባ ኳስ የምትታጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ እዚያ ወደ ጎን፣ እዚህ ወደ ላይ መሆኑ ነው። ያለዚህ ጥይቷ ሩቅ ሳትሄድ መሬት ትነካለች።

ርካሽ ስናይፐር ላይ ከሁሉ በፊት የምትበላሸው ይህቺው ጎማ ናት። ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ትሆናለች፣ ከባድ ጥይት አትይዝም። ስለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚቀየረው እሷ ናት። እንደ ሜፕል ሊፍ ያሉ አምራቾች የሚሠሩት ጥሩ ጎማ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ለውጡ ግን ከሞላም፣ ከበርሜልም ይበልጣል።

አቀያየሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። በርሜሉን አውጡት። ቀጭን ጨርቅ አልኮል አስነክታችሁ፣ በማጽጃው ዘንግ ጫፍ አድርጋችሁ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሳቡት። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያ የፋብሪካ ቅባት ነው። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። አዲሷን ጎማም በሳሙና ውኃ አጥባችሁ አድርቁ። ሲሊኮን ዘይት የነካት ጎማ ጥይቷን ታንሸራትታለች፤ አንዷ ከፍ፣ አንዷ ዝቅ ትላለች። «መሣሪያው አይረባም» ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጎማዋ ስትገባ የውስጧ ጉብታ ከበርሜሉ መስኮት ጋር ቀጥ ብሎ መግጠም አለበት። በጥቂቱ ከዞረ ጥይቷ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትታጠፋለች።

ከዚያ ማስተካከሉ ይመጣል። ዒላማውን ከማየት ይልቅ የጥይቷን አካሄድ ተከታተሉ። ቶሎ ከወደቀች ጨምሩ። መሃል ላይ ወደ ሰማይ ከተነሳች ቀንሱ። ረጅሙን መንገድ ቀጥ ብላ ሄዳ መጨረሻ ላይ ብቻ ትንሽ ቀና የምትል ከሆነ ደርሳችኋል። የጥይት ክብደት በተለወጠ ቁጥር ይሄ ሥራ እንደገና ይሠራል። ብርድና ሙቀትም ጎማውን ስለሚለውጡት ጠዋት የተስተካከለው ቀትር ላይ እንደገና ይፈተሻል።

ከፍታም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ደንቨርም 1,600 ሜትር ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ጥይቷን የሚያዘገየውም፣ የሚያነሳትም ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ያለውን ማስተካከያ ደንቨር ላይ እንዳለ መቅዳት አይሆንም። የአጎታችሁን ልጅ ይሄን ንገሩት፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው።

«ጥይት ያው ጥይት ነው፣ ርካሹን ግዛ»

አይሆንም። ርካሽ ጥይት መገጣጠሚያው ላይ መስመር ይኖረዋል፣ ውስጡ አየር ቋጥሮ ሚዛኑ ይዛባል። ስናይፐር በቀን የሚተኩሰው ጥቂት ስለሆነ ጥሩው ጥይት ኪስ አይጎዳም። ሰው መሣሪያ ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ጥይት ላይ ሲቆጥብ ሳይ በጣም ይቆጨኛል። 0.36 ወይም 0.40 ግራም መጀመሪያ በቂ ነው። መሬት የወደቀ ጥይት ደግሞ አንስቶ መልሶ አይጎረስም። ቅንጣት አሸዋ በርሜሉን ይጭራል።

መነጽር፣ ጋዝ፣ ብረት

እነዚህን በአጭሩ። ከ60 እስከ 80 ሜትር ለሚደርስ ጥይት አራት እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን እይታው ይጠባል፣ ጎን የሚመጣው ሰው አይታይም። «በጋዝ የሚሠራው በሞላ ከሚሠራው ይበልጣል» ይባላል፤ ጋዝ ግን ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይጨምራል። ከባድ ጥይት ሲገባበት ጉልበቱ ከፍ ሊል ስለሚችል ሜዳ ላይ የሚለካው በምትጫወቱበት ጥይት ይሁን። በትንሽ ገንዘብ ለሚጀምር በእጅ የሚቀባበል የሞላ መሣሪያ ይሻላል። ብረት አካልም ክብደት እንጂ ትክክለኛነት አይጨምርም።

«ርካሽ ኮፒ ዕቃ አይደለም»

የቻይናዎቹ ጄጂ ባር-10፣ ዌል ኤምቢ03 እና ሲዋይኤምኤ ሲኤም701 የቪኤስአር-10 ኮፒዎች ናቸው። ዋጋቸው የዋናው ከፊል ነው። ትልቁ ጥቅማቸው ለቪኤስአር የተሠራ ብዙ መለዋወጫ የሚገጥማቸው መሆኑ ነው። ዛሬ ጎማ፣ ከወራት በኋላ ቃታ፣ ከዚያ በርሜል እያሉ መሄድ ይቻላል። ዌል ኤምቢ01 ደግሞ የኤል96 (የእንግሊዝ ጦር ስናይፐር ጠመንጃ) መልክ አለው፣ ያምራል፣ ግን ይከብዳል፣ መለዋወጫውም እንደ ቪኤስአር አልተትረፈረፈም። ለመጀመሪያ መሣሪያ እኔ ከቪኤስአር ቤተሰብ አልወጣም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው መልኩን ትቶ ፍጥነት መለኪያው ፊት ያቁመው። በአንድ ዓይነት ጥይት አሥር ጊዜ ይተኩስ። ቁጥሮቹ በጥቂት ጫማ ብቻ ከተለያዩ ውስጡ አየር አያመልጥም፣ ይገዛ። አንዱ 400፣ ቀጣዩ 370፣ ሦስተኛው 410 ካለ የፒስተኑ ቀለበት ወይም ጎማው አልቋል፤ የሁለቱ መለወጫ ዋጋ ከሚጠየቀው ላይ ይቀነስ። ሻጩ ማስለካት ካልፈለገ ሌላ ይፈለግ።