ስለ ባቡር ጎማ ጥንካሬ የሚነገሩ ስህተቶች

«በሙቀት የታከመ ብረት አይደክምም» ሲባል መስማት ያታክታል። ይደክማል፤ ማለትም ጭነት ሲደጋገምበት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። ሕክምናውም ለጥንካሬ ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ጎማው ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግልና ውሃ የሚረጭበት ግን ውጫዊው ቀለበት ብቻ ነው። ቀለበቱ ቀድሞ ቀዝቅዞ ይጠጥራል። መሃሉና እምብርቱ ዘግይተው ሲቀዘቅዙ ይኮማተራሉ፤ ቀለበቱንም ወደ ውስጥ ስበው ዙሪያውን ይጨምቁታል። ስንጥቅ የሚያድገው አፉ ሲከፈት ነው፤ ጭምቁ ደግሞ አፉን ይዘጋበታል። ይህን ትልቅ ጥቅም የብረትን ጥንካሬ የሚለካው የብሪኔል ቁጥር አያሳይም።

ጭምቁን የሚያጠፋው ፍሬን ነው። በረጅም ቁልቁለት የፍሬን ጫማ ጎማው ላይ ተጣብቆ ከቆየ ቀለበቱ ግሎ ሊሰፋ ይሞክራል፤ ቀዝቃዛው መሃል ስለሚይዘው በዚያው ተጨፍልቆ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ በተራው ይወጠራል። ያኔ ትንሽ ስንጥቅ እንኳ ጎማውን ሊከፍለው ይችላል። ስለዚህ ፍሬኑ ተጣብቆ የቆየበትን ጎማ በዓይን አይተው አይለፉት፤ በቀለበቱ ውስጥ የቀረውን ውጥረት በአልትራሳውንድ ያስለኩ።

«10 ሚሊዮን ዙር የቻለ ብረት ከዚያ በኋላ አይሰበርም።» ዲያሜትሩ 920 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ይህን ዙር በ29,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጨርሳል። ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

«ላዩ ንጹህ ነው።» በብረቱ ውስጥ ከቀረ የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ቅንጣት የሚነሳ ስንጥቅ ከፊቱ በርካታ ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምራል። በ1998 ጀርመን ኤሼደ ላይ 101 ሰው የሞተበት አደጋ መነሻም በዓይን የሚታይ አልነበረም፤ በላስቲክ ላይ የተገጠመው የብረት ቀለበት የተሰነጠቀው ከውስጥ ፊቱ ነው።

«የበለጠ የጠነከረ ሁሉ ይሻላል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጎማ ተቆልፎ ሐዲድ ላይ ሲንሸራተት የሚፋተገው ቦታ ተልጎ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከ720 ዲግሪ በላይም ሊግል ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ወዲያው ይመጠዋል። በዚህ ድንገተኛ ቅዝቃዜ የሚፈጠረው ማርቴንሳይት የሚባል ተሰባሪ የብረት ዓይነት ከጎማው ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው፤ ቀድሞ ተሰነጣጥቆ የሚረግፈውም እሱ ነው። ቶርኖ ላይ ጠፍጣፋው ሲጠፋ መቁረጥ ማቆም የተለመደ ጥፋት ነው። የጥንካሬ መለኪያው በዚያ ቦታና በቀሪው ዙሪያ ተመሳሳይ ንባብ እስኪሰጥ፣ ከሥሩ ያሉት ስንጥቆችም እስኪወገዱ ይቁረጡ። ከዚያም በዚያው አክስል ላይ ያለውን ጥንዱን ጎማ በዚያው ዲያሜትር ያስተካክሉ።