ስለ ቀጭንና ቀላል የቢሮ ላፕቶፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ ላፕቶፕ ተሸክሞ የሚውለው ሰው ብዙ ነው። በሆቴል አዳራሽ ሥልጠና የሚሰጠው አለ፤ የሦስት አራት ነጋዴ ሒሳብ በየሱቁ እየዞረ የሚሠራው አለ፤ ጠዋት በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለሰው ኦዲተር አለ። አሁን አሁን ሁሉም ከሁለት ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ማሽን ትተው ቀጭኑንና ቀላሉን መፈለግ ጀምረዋል። ደግም አድርገዋል። የሚያሳስበኝ አመራረጡ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው ማስታወቂያ «ኮር አይ ሰቨን፣ ራም 16፣ ኤስኤስዲ 512፣ ግራፊክስ 8 ጊጋ፣ ስላይትሊ ዩዝድ» ይላል፤ ገዢውም እነዚህን ቁጥሮች አይቶ ቀብድ ይከፍላል። የሚመዘነው ግን እጃችሁ ላይ ያለው ማሽን ራሱ ነው። ባትሪው ምን ያህል ቀርቶታል? ሲግል ምን ይሆናል? ስክሪኑ በቀን ብርሃን ይነበባል? ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«አይ ሰቨን ምንጊዜም ከአይ ፋይቭ ይበልጣል»

አይበልጥም። ሁለቱም የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስም ናቸው፤ ከስሙ በፊት የሚታየው ግን ጄነሬሽኑ፣ ማለትም ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ነው። አይ ሰቨን 7500 ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ነው ያለው። በፈረንጆቹ 2017 የወጣው አይ ፋይቭ 8250 ዩ ግን አራት ኮር አለው። ኤክሴሉም፣ ብራውዘሩም፣ ዙሙም አንድ ላይ ሲከፈቱ «ዝቅተኛው» አይ ፋይቭ «ከፍተኛውን» አይ ሰቨን በግልጽ ይቀድመዋል። ጄነሬሽኑን ለማወቅ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፦ 8250 ስምንተኛ ነው፣ 10310 አሥረኛ ነው፣ 1165 ደግሞ አሥራ አንደኛ። መጨረሻ ላይ «ዩ» የምትለው ፊደል ካለች ፕሮሰሰሩ ኃይል ቆጣቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ዋት አካባቢ እንዲሠራ የተነደፈ ነው፤ ለቀጭን ላፕቶፕ የሚስማማውም እሱ ነው።

ስምንተኛውን ጄነሬሽን እንደ ወለል የምይዝበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ጄነሬሽን በታች ላሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይደግፍም። ሰባተኛ ጄነሬሽን ላይ በግድ የሚጭኑላችሁ ባለሙያዎች አሉ፤ ይሠራልም። የደንበኛ ሒሳብ የሚያዝበትን ማሽን ግን ነገ ማሻሻያው ይቀጥል አይቀጥል በማይታወቅበት ሁኔታ ላይ ማቆም አልመክርም።

«ግራፊክስ 8 ጊጋ አለው»

የለውም። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ የላቸውም። ያ 8 ጊጋ ዊንዶውስ አስፈላጊ ሲሆን ከራሙ ላይ ሊያበድር የሚችለው መጠን ነው፤ ብዙ ጊዜ የራሙ ግማሽ ነው። ለዚህ ነው ራም 16 የሆነ ላፕቶፕ ሁሉ «ግራፊክስ 8» ተብሎ የሚሸጠው። ለፒችትሪ (ለሒሳብ ፕሮግራሙ)፣ ለወርድና ለፓወርፖይንት ምንም አይጎዳችሁም። ለዚያ ቁጥር ተብሎ የሚጨመር ብር ግን መኖር የለበትም።

«ቀላል ከሆነ ፕላስቲክ ነው፣ ቶሎ ይሰበራል»

ላፕቶፑን አንሥቶ «ይሄማ ባዶ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። ክብደት የጥንካሬ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ነው። ማግኒዚየም ቅይጥ ከአሉሚኒየም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ቀለም ስለሚቀባም ሲነኩት ፕላስቲክ ይመስላል። ካርቦን ፋይበርም እንደዚሁ። ውድ የሚባሉት የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የተሠሩት ከነዚህ ነው። ስለዚህ በሚዛን አትፍረዱ፤ በእጃችሁ ፈትኑት። ኪቦርዱን መሐሉ ላይ ጫን በሉት፣ ይሰረጉድ እንደሆነ ታያላችሁ። ክዳኑን በአንድ ጣት ከፍታችሁ በተለያየ ማዕዘን አቁሙት፤ ካልቆመ ወይም ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው ላልቷል።

በዚያው ልክ «የወታደር ደረጃ አለው፣ ቢወድቅም ምንም አይሆንም» የሚለውም ልክ አይደለም። ሚል ስታንዳርድ 810 የሚባለው የአሜሪካ ጦር የፈተና አሠራሮች ስብስብ ነው። የትኞቹን ፈተናዎች እንደሚያደርግ የሚመርጠው አምራቹ ነው። ያንን ያለፈ ማሽን በጥንቃቄ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ከባጃጅ ላይ ሲወድቅ ስክሪኑ አይሰነጠቅም ማለት ግን አይደለም።

«ባትሪው አራት ሰዓት ይይዛል»

ሻጩ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ግን ምን እየተሠራበት ነው አራት ሰዓት? ያገለገለ ቀጭን ላፕቶፕ ስትገዙ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥታችሁ ማየት ያለባችሁ ባትሪውን ነው። ለመለካትም ቀላሉ እሱ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ «ፓወር ሲኤፍጂ ባትሪ ሪፖርት» (powercfg /batteryreport) የሚባለውን ትእዛዝ መስጠት ብቻ ነው፤ የትኛውም የላፕቶፕ ባለሙያ ያውቀዋል። ሁለት መስመሮችን ፈልጉ። አንደኛው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም፣ ሁለተኛው ዛሬ ሙሉ ሲባል የሚይዘው ነው። የመጀመሪያው 50,000 ሚሊዋት-ሰዓት ቢሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ 31,000፣ የቀረው 62 በመቶ ነው።

ከዚያ ሰዓቱን ራሳችሁ አስሉት። ቀጭን ላፕቶፕ ወርድ ላይ ብቻ ሲጻፍበት፣ የስክሪኑ ብርሃን መካከለኛ ሆኖ፣ 8 ዋት ገደማ ቢበላ፣ 31 ዋት-ሰዓት (ያው 31,000 ሚሊዋት-ሰዓት) ለስምንት ሲካፈል ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። ያው ላፕቶፕ ዙም ላይ ካሜራ ከፍቶ 15 ዋት ቢበላ ሁለት ሰዓት ላይ ያልቃል። መብራት በሄደበት ከሰዓት ሥልጠና ለሚሰጥ ሰው የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው። 70 በመቶ ያልደረሰ ባትሪ ካገኛችሁ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ጠይቃችሁ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ አስቀንሱ።

ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ደግሞ ከጎን እዩት። አንድ እግሩ ከተንጠለጠለ፣ ወይም ታችፓዱ ከፍ ብሎ አልጫን ካለ፣ ባትሪው ውስጡ አብጦ ሊሆን ይችላል። ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ትርፍ ቦታ ስለሌለ እብጠቱ በቀጥታ ወደ ታችፓዱና ወደ ኪቦርዱ ይገፋል። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትውሰዱት።

«አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት» እና «ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ አትሰኩት» የሚሉት ምክሮች ከኒኬል ባትሪዎች ዘመን የቀሩ ናቸው። የሊቲየም ባትሪ ጠላቶች ሙቀትና ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ መቀመጥ ናቸው። ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አድርጉት። ሌኖቮ፣ ዴልና ኤችፒ ለቢሮ ላፕቶፖቻቸው ይህን ወይም ይህን የመሰለ ምርጫ ያስቀምጣሉ፤ ከአምራቹ ፕሮግራም ወይም ከባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ከሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ይገኛል።

«ጥሩ ላፕቶፕ አይግልም»

ማንኛውም ፕሮሰሰር ይግላል። ልዩነቱ ሙቀቱ በምን ፍጥነት ይወጣል ነው። ቀጭን ላፕቶፕ ፋኑም ትንሽ ነው፣ አየር የሚወጣባቸው ክንፎችም የተጠጋጉ ናቸው። አብዛኞቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሲከፈት ፈጣን የነበረው ማሽን ቤት ሲደርስ ሊንቀረፈፍ ይችላል፤ ማንም አልቀየረውም፣ ስለጋለ ነው።

አዳማ ላይ ይህ ነገር ከብዙ ከተሞች ይብሳል። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ቀኑ ይሞቃል። ነፋሷ የኃይል ማመንጫ የተተከለበት ነው፤ አቧራውንም ይዞ ይመጣል። ያ አቧራ ፋኑ ጋ ይደርስና ክንፎቹ መሐል እንደ ጨርቅ ይነጠፋል። አንድ ጊዜ የታችኛው ክዳን ሲፈታ አጠገብ ሆናችሁ እዩ፦ ፋኑ ንጹሕ ይመስላል፣ ከፋኑ ማዶ ግን ግራጫ ንጣፍ መውጫውን ዘግቶት ታገኛላችሁ። ከውጭ ብቻ በአየር መንፋት ያንን ንጣፍ ሁልጊዜ አያወጣውም፤ ፋኑ ተነሥቶ መጠረግ አለበት። እዚህ ከተማ ለሚሠራ ማሽን በዓመት አንድ ጊዜ ማስጠረግ ቅንጦት አይደለም።

ስትገዙ ሩብ ሰዓት ታገሡ። ቪዲዮ ክፈቱ፣ ብዙ የብራውዘር ገጽ ጨምሩበት፣ ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ተከታተሉ። እስከ መጨረሻው ረግቶ ከቀጠለ ደኅና ነው። አንድ ጊጋኸርዝ እንኳ ሳይሞላ ወርዶ እዚያው ከቀረና ማሽኑ ከተንተባተበ፣ አቧራ ወይም የደረቀ ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያሻግር ቅባት) ሊኖርበት ይችላል። ሊስተካከል ይችላል፣ ግን ከዋጋው ላይ ይታሰባል። አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አስቀምጦ መሥራትም አየሩ የሚገባበትን ቀዳዳ ስለሚዘጋ አዲሱንም ያግላል።

«ከአሜሪካ የመጣው 110 ስለሆነ ይቃጠላል»

ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ፣ የታወቁት የላፕቶፕ ቻርጀሮች ደግሞ እንደዚያ ናቸው፣ በእኛ 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ወይም ሌላ ገመድ ብቻ ነው።

«ፉል ኤችዲ ከሆነ ስክሪኑ ጥሩ ነው»

ፉል ኤችዲ የሚነግራችሁ የነጥቦቹን ብዛት ነው። ስለ ብርሃኑ ምንም አይልም። የስክሪን ብርሃን የሚለካው በኒት ነው፤ 250 ኒት በረንዳ ላይ ወይም የመስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያስቸግራል፣ 400 የሚደርሰው ይመቻል። አብዛኛው ሱቅ ውስጡ ጨለም ያለ ስለሆነ ሁሉም ስክሪን ያምራል። ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ በሩ ውጡና ኤክሴል ክፈቱበት። ከጎን ሲታይ የሚጠቁር ከሆነም አትደንግጡ፤ አንዳንድ የኤችፒ ማሽኖች ሹር ቪው የሚባል፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው እንዳያነብ የሚከልል ስክሪን አላቸው። ለባንክ ሠራተኛ ጥሩ ነው። ለሦስት ሰው አንድ ላይ ለሚያሳይ አሠልጣኝ ግን ፈተና ነው።

«ዩኤስቢ ሲ ካለው ሁሉም ነገር ይሰካበታል»

ቀዳዳው አንድ ዓይነት ነው፣ ሥራው ግን ይለያያል። አንዱ ቻርጅ ያደርጋል፣ አንዱ ምስል ያወጣል፣ አንዱ ፋይል ብቻ ያስተላልፋል። አጠገቡ ያለውን ምልክት እዩ፤ ከተቻለ ቻርጀርም ስክሪንም ሰክታችሁ ሞክሩ። የአዳራሽ ፕሮጀክተሮች ኤችዲኤምአይ፣ የቆዩት ደግሞ ቪጂኤ ይጠይቃሉ፤ ቀጭኑ ላፕቶፕ ሁለቱም ላይኖሩት ይችላል። የመቀየሪያውን ዋጋ ከመጀመሪያው ጨምራችሁ አስቡ፤ ቦርሳ ውስጥም የላፕቶፑ አካል ሆኖ ይቀመጥ።

«ራሙን በኋላ አስጨምራለሁ»

በየትኛው ማሽን ላይ? የሌኖቮው ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርቦን ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ 8 ከሆነ 8 ሆኖ ይኖራል። ቲንክፓድ ቲ 480 ግን ሁለት የራም ቀዳዳ አለው፤ የኋላ ባትሪውም ማሽኑ ሳይጠፋ ይቀየራል። ኤክስ 1 ካርቦን 1.1 ኪሎ ገደማ ነው፣ ቲ 480 ወደ 1.6 ኪሎ ይጠጋል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በየቀኑ አዲስ አበባ የማይመላለስ ሰው ያን ግማሽ ኪሎ ቢሸከም ይሻለዋል። ኤክስ 1 ካርቦን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ራሙ 16 ይሁን።

«የድርጅት የነበረ ላፕቶፕ ፎርማት ከተደረገ ምንም ችግር የለበትም»

ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የውጭ ድርጅቶች ተጠቅመው ያስወገዷቸው ናቸው። በአብዛኛው በጥሩ ሁኔታ የተያዙ ስለሆኑ አትፍሯቸው። ግን ሁለት ቁልፎች ፎርማት አያጠፋቸውም። አንዱ የባዮስ የይለፍ ቃል ነው። ቲንክፓድ ላይ ሱፐርቫይዘር የሚባለው የይለፍ ቃል ከጠፋ፣ የአምራቹ መፍትሔ ማዘርቦርዱን መቀየር ነው። ሌላው ማሽኑ በቀድሞው ድርጅት ስም ማይክሮሶፍት ዘንድ ተመዝግቦ መቅረቱ ነው፤ ዊንዶውስ ከመጀመሪያው ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ የማታውቁት ድርጅት ስም ብቅ ብሎ የድርጅቱን አካውንት ይጠይቃል። ሻጩ ያለ ኢንተርኔት ከጫነው ይህ ለወራት ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ ብሩ ከመቆጠሩ በፊት ባዮሱ ውስጥ ገብታችሁ ምንም ሳይጠይቃችሁ አንድ ነገር ቀይራችሁ ሴቭ አድርጉ። ዊንዶውሱን ሪሴት አስደርጉና በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙት። እሱ እየተጫነ ሳለ ከሥሩ የተለጠፈውን ሲሪያል ቁጥር ባዮሱ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ከተለያዩ ማዘርቦርዱ የሌላ ማሽን ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡት ደግሞ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የትኛው ፕሮሰሰር፣ ብዙ ጊዜም የትኛው ስክሪን እንደነበረው ያሳያችኋል።