የሰፈር ታሪክ ለመሰብሰብ ሲያስቡ የሚሰሟቸው አባባሎች፣ እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ «የሰፈራችንን ታሪክ ላሰባስብ» ብሎ የሚነሳ ሰው አይጠፋም። የእድር ጸሐፊ ይሆናል፣ ጡረታ የወጣ መምህር ይሆናል፣ የአያቷን ወሬ በስልኳ የምትቀዳ ተማሪም ትሆናለች። ብዙዎቹን ከመንገድ የሚያስቀረው የገንዘብ እጦት አይመስለኝም። ገና ሳይጀምሩ ከዚህም ከዚያም የሚሰሟቸው አባባሎች ናቸው።

«ታሪክማ ግቢው ውስጥ ነው፤ ሰፈራችን ምን አለው?»

የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይገባዋልም። ግን ከተማው በነገሥታት ብቻ አልቆመም። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ ቅዳሜ ገበያ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። የሙስሊሞቹን ሰፈር አዲስ ዓለምን እንኳ ብንወስድ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 የተካሄደ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የሰፈሩ ታሪክ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተሳሰረ ነው። ይህን ግንቡ ላይ ቆሞ የሚያስጎበኝ ሰው ላይነግርዎት ይችላል። እዚያው የኖሩ ቤተሰቦች ግን የሚያወሩት አያጡም።

«ግንቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት፤ ፒያሳ ያለው አሮጌ ቤትም የፋሲል ዘመን ነው»

ሁለቱም አይደለም። አፄ ፋሲል ከፖርቱጋሎች ጋር የተያያዙትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ያባረሩት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው። የፒያሳ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ደግሞ የጣልያን ሥራ ናቸው።

«ተራ ሰው በጽሑፍ የለም፤ የተጻፈው የንጉሥ ብቻ ነው»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ መሬት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ፣ ሲወረስ ውሉ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ ይሰፍራል። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶችም በስማቸው ተጠቅሰዋል። ስለዚህ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ውስጥ ፈጽሞ የማያገኟትን የሰፈር ሴት በአንድ ወንጌል ኅዳግ ላይ ልታገኟት ትችላላችሁ።

እርግጥ ነው፣ ዘው ብሎ ዕቃ ቤት መግባት የለም። አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ፣ ገበዙን ማማከር፣ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ብራናው ላይ የካሜራ ፍላሽ ማብራትም ይቅር። አንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ እዚህ የለም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወስደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ከዚያ ዘረፏቸው፤ ከተዘረፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ናቸው። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም እ.ኤ.አ. በ1932 በመጡ ፈረንሳውያን ተነቅለው ፓሪስ ሄደዋል። ለሰፈር ታሪክ ሰብሳቢ የሄደው ነገርም ታሪክ ነው። ምን እንደነበረና የት እንደደረሰ ይጻፍ።

«ሽማግሌ የነገሩን ዓመት ስለሚምታታ አይታመንም»

ብዙ ጊዜ የሚምታታው ጠያቂው ነው። «ስንት ዓ.ም ነበር?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። «ጣልያን ሳይገባ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ? ከአብዮቱ በፊት ነው? ያኔ እርስዎ አግብተው ነበር?» ይበሉ። መልሱ ይመጣል።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጎንደሬ እናት «ጣልያን በወጣ በወሩ ነው የወለድኩት» ሲሉ፣ ጸሐፊው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ምን አስቦ ግንቦት 1933 ብሎ ይጽፋል። ስህተት! ያ ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። ጎንደር ላይ ጣልያን እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ቀን ሰባት ወር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። የገባውም ከአዲስ አበባ ቀድሞ፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም ነበር። «አምስት ዓመት» የምንለው ወረራ እዚህ ወደ ስድስት የተጠጋ ነው። እናትየው አልተሳሳቱም፤ የአገሩን ታሪክ በመሀል አገር ቀን የለካው ጸሐፊው ነው።

የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ነገር ሲሉም አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ሁለቱንም ጻፉ፤ ማን እንዳለውም ጻፉ። ሰው ድምፁን ሲሰጥ ግን ያስፈቅዱት። በተለይ የቀይ ሽብር ነገር በየቤቱ ገና ቁስል ነው። «ይሄን ለራስህ ስማው እንጂ አታውጣው» ካሉ፣ አታውጣው።

«የሄዱት ሰዎች ታሪክ ከእነሱ ጋር ሄዷል»

ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎች የአካባቢው ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከእነሱ ሸክላና ማረሻ የገዙ ጎረቤቶች ግን አሉ። የሄዱትም ስልክ አላቸው፤ ለጥምቀት የሚመጡም አይጠፉም። ሁለቱንም ወገን ሳይጠይቁ የአካባቢውን ታሪክ ጨረስኩ ማለት አይቻልም።

«ፎቶውን ሰብስበን እኛ ጋ እናስቀምጥ»

ተዉት። ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው መልሱ። ባለቤቱ እምነት የሚጥልባችሁ ያኔ ነው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ስስ እርሳስ ይበቃል። ላሚኔሽን ፈጽሞ አይሁን። ብራናና ንዋየ ቅድሳትማ ከቦታቸው አይንቀሳቀሱ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ጉዳዩን ይመለከተዋል።

«ሙዚየም ከሌለ ለሕዝብ ማሳየት አይቻልም»

የእድር አዳራሽ አንድ ግድግዳ ይበቃል። የሚጎዳው የቦታ ማነስ ሳይሆን «ጥንታዊ ዕቃ» ብሎ የሚያልፍ መግለጫ ነው። ከዚህ ማንም ምንም አያገኝም። ዕቃው የማን ነበር፣ ለምን ይሠራበት ነበር፣ የት ተገኘ፣ ማን ነገረን? አራቱ በአጭሩ ከተጻፉ ተመልካቹ ይቆማል። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች የማታውቋቸው ከሆነ ሥሩ ባዶ መስመር ተዉና እርሳስ በክር እሰሩ። በጥምቀት ሰሞን ብታሳዩት ከውጭም ከአዲስ አበባም የመጣው ዘመድ «ይቺማ አክስቴ ናት!» እያለ ይሞላላችኋል። ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ «የለም፣ እህቷ ናት» ሲል፣ ሁለቱንም መዝግቡ።