የበረሃ ኤሊ የክረምት እንቅልፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ላስ ቬጋስ ግቢ ውስጥ የበረሃ ኤሊ ማየት ብርቅ አይደለም። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምራ ትተኛለች፣ መጋቢት ገደማ ትነሳለች። (እዚህ ክረምት የሚባለው የአገር ቤቱ በጋ ነው።) በየዓመቱ ግን ያው ስህተት ይደገማል።

«ከመተኛቷ በፊት ጠግባ ትብላ»

እኛ ሰው የምንሸኘው አብልተን ነው። ኤሊን ግን ይሄ ይጎዳታል። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ሆዷ መፍጨት ያቆማል፤ ውስጧ የቀረው ምግብ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ምግብ ይቆማል። ውኃ ግን አይቋረጥባትም። ሳፋ ላይ ከአገጯ የማያልፍ ለብ ያለ ውኃ አድርጉና ለ20 ደቂቃ አስቀምጧት። አንገቷን ዘርግታ ስትጠጣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ። ውኃውን ፊኛዋ ውስጥ ታጠራቅመዋለች፤ ወራቱን የምትገፋው በሱ ነው።

«እንዳይበርዳት ሳሎን ትተኛ»

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 20 ዲግሪ በሞላው ሳሎን በደንብ አትተኛም፣ በደንብም አትነቃም፤ ያላትን ስብ ብቻ ትጨርሳለች። የሚስማማት የማይዋዥቅ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ0 በታች ከወረደ ደግሞ ዓይኗ ሊጠፋ፣ ልትሞትም ትችላለች። ካርቶን በካርቶን ውስጥ አድርጉ፣ መሃሉን በተጨማደደ ጋዜጣ ሙሉት፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርጉት፣ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። መኪና የሚነሳበት ጋራዥ ግን ይቅር፤ ጭሱ መርዝ ነው።

«ከተኛች አትነካም»

በየሳምንቱ እዩዋት፣ አልፎ አልፎም መዝኗት። እግሯን ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ትንሽ ከሰበሰበች ደህና ናት፤ ሞታለች ብላችሁ አትደንግጡ። ሽንቷን ከለቀቀች ወይም ክብደቷ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ግን ቀስቅሷት፣ ውኃ ስጧት፣ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

«ብትታመምም ተኝታ ይሻላታል»

አንድ ወዳጄ አፍንጫዋ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ የሚነፋ ኤሊ አሳየኝ። «ጉንፋን ነው፣ ስትተኛ ይለቃታል» አለ። አይለቃትም! ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ በሽታን የመከላከል አቅሟም ይደክማል። የመተንፈሻ አካል በሽታ ደግሞ የእነዚህ ኤሊዎች ዋና ጠላት ነው። ዓይኗ ያበጠ ወይም የከሳች ኤሊም እንደዚሁ መተኛት የለባትም። የወዳጄን ኤሊ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድናት፤ ያንን ክረምት ቤት ውስጥ፣ ከሙቀት መብራት ሥር፣ የበለስ ቁልቋል እየበላች አሳለፈች። ለከርሞው ጥቅምት አፍንጫዋ ደርቆ፣ ክብደቷም ተመልሶ ካርቶኗ ውስጥ ገባች።