ከበረሮ እስከ ንብ፦ ነፍሳት ልጅ ሲያሳድጉ ሆርሞናቸው ምን ይሆናል?

ድሬዳዋ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሌሊት የኩሽና መብራት ያበራ ሰው በረሮው እግሬ አውጪኝ ሲል ያየዋል። አብዛኞቻችን ጫማ ነው የምናነሳው። አንዳንዷ ግን ከሆዷ ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቡናማ ከረጢት አንጠልጥላ ነው የምትሮጠው። ይቺ ትንሿ፣ ከራሷ ጀርባ ሁለት ጥቁር መስመር ያላት የቤት በረሮ ናት። ከረጢቱ ውስጥ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ እንቁላሎች አሉ፤ እስኪፈለፈሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ይዛቸው ትዞራለች። ትልቋ ቀይ የቱቦ በረሮ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከረጢቷን ጥግ ላይ ለጥፋ ሹልክ ነው።

ትንሿ እስከዚያ ድረስ ሌላ እንቁላል ለምን አትሠራም? ነገሩ ያለው ጁቬናይል ሆርሞን ላይ ነው። ከአንጎል ጀርባ ያሉ ሁለት ጥቃቅን ዕጢዎች ያመነጩታል። እንግሊዛዊው ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንድ ደም መጣጭ ትኋን ላይ እንዳሳየው፣ ያልደረሱ ነፍሳትን ቶሎ እንዳይጎለምሱ ይይዛቸዋል። ለአቅመ ሔዋን በደረሰችው በረሮ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የእንቁላል አስኳል እንዲሠራ ያዛል። ከረጢቱ ሆዷ ጫፍ ላይ እስካለ ድረስ መነካካቱ በነርቭ በኩል አንጎሏ ይደርስና ዕጢዎቹ ጸጥ ይላሉ። ተመራማሪዎች ከረጢቱን ሲነቅሉባት ሆርሞኑ ወዲያው ማንሰራራት ይጀምራል። በምትኩ ሰው ሠራሽ ከረጢት ሲሰኩላት ደግሞ፣ ሕይወት የሌለው ነገር መሆኑን ሳታውቅ ዕጢዎቹ እንደተኙ ይቆያሉ። እኔ በበኩሌ ይህን «የእናት ፍቅር» ለማለት አልደፍርም።

በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከብቱን በገንዲ በሽታ የሚጨርሰው የቆላ ዝንብም እንዲሁ ነው። እናቲቱ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ሆዷ ውስጥ ይዛ ወተት እያጠባች ታሳድጋለች፤ በዚያ ወቅት ሆርሞኑ ይወርዳል። ከውጭ ሲጨመርባት ወተቷ ይቀንሳል።

የሐረርጌ ንብ አናቢ የሚያውቃት ሠራተኛ ንብ እንቁላል ጣይ አይደለችም፣ ግን ሞግዚት ናት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ እጮቹን ስትመግብ ሆርሞኗ ዝቅተኛ ነው። ከፍ ሲል ቀፎውን ትታ አበባ ፍለጋ ትወጣለች።

እዚህ ላይ «ሆርሞን ሲወርድ እንክብካቤ ይመጣል» ብሎ መደምደም ያምራል። አያስኬድም። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ቀባሪ ጥንዚዛ የሞተች አይጥ ስታገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሆርሞኗ ይነሳል፤ ሬሳውን ቀብራ፣ ልጆቿን ከአፏ እያወጣች ስትመግብም ከፍ ያለ ነው።

ይህ ሆርሞን ለሰው ሥራም ውሏል። ፓይሪፕሮክሲፌን የሚባለው ፀረ ነፍሳት መድኃኒት እሱን አስመስሎ የተሠራ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ የትንኝ እጭ ክንፍ ሳታወጣ ትቀራለች። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የምትራባው ደግሞ እዚያው ሰፈር፣ በርሜልና የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው።